ቀስ ስንል እንጨቱ ለምን ይቃጠላል?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ቤታቸው ትንሽ ሲኤንሲ ራውተር፣ ማለት በኮምፒውተር እየታዘዘ እንጨት የሚቆርጥና የሚቀርጽ ማሽን፣ ያላቸው ልጆች ሁሌ አንድ ነገር ይጠይቁኛል፣ "ለዋንዛ ስንት ላርገው?" ፍጥነቱንና ጥልቀቱን ማለታቸው ነው። እኔ ደሞ መልሼ ቢትህ፣ እየዞረ የሚቆርጠው ብረት፣ ስንት ጥርስ ነው፣ ሞተርህ በደቂቃ ስንት ይዞራል፣ ማሽንህ ምን አይነት ነው ስላቸው ይሰላቻሉ፣ ቁጥር ስጠኝና ልሂድ ነው ነገሩ።

ግን ምን መሰላችሁ፣ እኔን የሚገርመኝ ፍርሃታችን ነው። እንጨቱ ጠቆር ጠቆር፣ ጭስ ጭስ ማለት ሲጀምር የሁላችንም እጅ የሚሮጠው ፊዱን፣ ማለት ማሽኑ እንጨቱ ላይ የሚሄድበትን ፍጥነት፣ ለመቀነስ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ተብለን ነዋ ያደግነው! እዚህ ላይ ግን አይሰራም። ቢቱ በደቂቃ 24,000 ጊዜ እየዞረ ማሽኑ ከተንቀራፈፈ ጥርሱ የሚነክሰው ያጣል፣ መቁረጡን ትቶ እንጨቱን ያሻል፣ ሲያሽ ይግላል፣ ሲግል ይደንዛል፣ ከደነዘ በኋላ ደሞ የባሰ ያሻል፣ በቃ አለቀ። ሙቀቱን ይዞ መውጣት ያለበት ፍቅፋቂው ነው፣ ፍቅፋቂ ከሌለ ሙቀቱ እዛው ቢቱ ላይ ይቀራል።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ፊዱን፣ ማለት በደቂቃ የሚጓዘውን ሚሊሜትር፣ ቢቱ በደቂቃ በሚዞረው ዙር ታካፍላለህ፣ የወጣውን ደሞ በጥርሱ ብዛት። የሚመጣው ቁጥር አንድ ጥርስ በአንድ ዙር የሚነክሰው ውፍረት ነው። ለምሳሌ ፊዱ 1,500፣ ዙሩ 24,000፣ ቢቱ ባለ ሁለት ጥርስ ከሆነ 0.03 ሚሊሜትር ይመጣል፣ ይሄ ለ6 ሚሊሜትር ቢት ማሻሸት ነው። ፊዱን ሳትነካ ዙሩን ብቻ ወደ 10,000 አውርደው፣ 0.075 ይሆናል፣ ለቤት ማሽን አሪፍ መነሻ ነው። ዙሩ አልወርድም ካለህ ባለ አንድ ጥርስ ቢት ፈልግ።

አንዱን መስመር ቁረጥና አቁመው፣ ከዛ የወደቀውን በጣትህ አንሳ። ዱቄት ከሆነ እያሸህ ነው። ቆንጠር አድርገህ የምትይዘው፣ ጫፉ ጥቅልል ያለ ነገር ከሆነ እየቆረጥክ ነው። እኔ ከሰንጠረዥ ይልቅ ይሄን ነው የማምነው።

ጥልቀት ላይ ግን ፈሪ ሁኑ፣ እዛ ፍርሃት ያዋጣል። ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት ሰንጠረዥ ብዙ ጊዜ የቢቱን ውፍረት ያህል ግባ ይላል፣ እሱ ለከባድ የፋብሪካ ማሽን ነው። የኛዎቹ በፕላስቲክ ጎማ ወይ በቀጭን ዘንግ ነው የሚሄዱት፣ በእጅህ ገፋ ብታረጋቸው ራሱ ይለመጣሉ። ስለዚህ ዋንዛ ላይ በ6 ሚሊሜትር ቢት 3 ግባና ድምፁን ስማ፣ ወይራ ላይ 1 ወይ 1.5 ይበቃል፣ ወይራ ቀልድ አያውቅም። ያቺ 3018 የምትባለዋ ትንሿ ማሽን ላይ ደሞ በ3 ሚሊሜትር ቢት ከግማሽ ሚሊሜትር ጀምሩ። ከመጠን በላይ ስትገባ ማሽኑን ወዲህ ወዲያ የሚያስኬደው ሞተር እርምጃ ይስታል፣ መሳቱን ደሞ ማሽኑ አያውቅም፣ ከዛ በኋላ ያለው ስራ ሁሉ ተንሸራቶ ይቀጥላል። ቁልቁል ሲገባም ቢት እንደ መሰርሰሪያ መውረድ አይወድም፣ የፊዱን ሲሶ ስጡት፣ ሶፍትዌሩ ከፈቀደ ደሞ ቀጥ ብሎ ከሚወርድ ወደ ጎን እየሄደ በሰያፍ ይግባ።

ፊደል የምትቀርጹ ደሞ አላችሁ። የ"ጠ" እግሮች መሃል የሚቀረውን ስስ እንጨት ታውቁታላችሁ አደል? አንዴ በጥልቀት ከሄድክበት ፍንጥር ብሎ ይሄዳል፣ በተለይ የእንጨቱን አቅጣጫ አቋርጦ ሲሄድ። ዳሩ ላይ 0.3 ሚሊሜትር ምናምን አስተርፉና መጨረሻ ላይ በአንድ ጉዞ ላጥ አርጉት፣ ልዩነቱ በአይን ይታያል።

እና ኤምዲኤፍ፣ ያን ከደቀቀ እንጨትና ከኮላ የተጨመቀ ጣውላ፣ ለምትቆርጡ፣ ይሄ የፍቅፋቂ ምርመራ እሱ ላይ አይሰራም፣ ምንም አርጉት ምን ያው ዱቄት ነው የሚወጣው። እሱ ላይ ጠርዙ ቡናማ ሆኗል አልሆነም የሚለውን እዩ፣ ድምፁንም ስሙ። ማስክ ደሞ አድርጉ በናታችሁ፣ የሱ ብናኝ ከዋንዛ ሰጋቱራ በጣም ይደቃል፣ ኮላም አለበት። በሉ ቻው።