ባቡር ጉርርር ስትል

እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ስለ ድመቴ ስለ ባቡር ነው። እሷ ጉርርር ባለች ቁጥር አባዬ "ከጅቡቲ ገባ!" ይል የነበረውን ታስታውሳላችሁ። የምድር ባቡር ሰው አይደል።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። መብራት ጠፍቷል፣ ቬንትሌተሩ ቆሟል። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ። በዚህ ሰዓት ባቡር በረንዳው ሲሚንቶ ላይ ተዘርራ ነው የምትውለው። ያን ቀን ግን አልጋ ስር ገብታ፣ እግሮቿን ሆዷ ስር ሰብስባ፣ ኩርምት ብላለች። ጎትቼ አወጣኋትና ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። ጉርርር አለች።

"አየሽ እማዬ፣ ደስ ብሏታል።"

እማዬ ቡናውን እየቆላች ቀና አለች። "እንጃ ልጄ፣ ፊቷ ደስ አላለኝም።"

አቦ፣ ይቺን ደቂቃ ስንቴ መላለስኳት! ጆሮዎቿ ወደ ጎን ጋደል ብለዋል። የጅራቷ ጫፍ ጭኔን ቸብ ቸብ ያደርጋል። እጄ የኋላ እግሯ ጋ ሲደርስ ቆዳዋ ሽምቅቅ አለ። ይሄን ሁሉ አይቻለሁ እኮ። ግን ድምፁ አልቆመም፤ እንዲያውም ጨመረ። እኔም ባሰብኝ፣ መዳበሴን ቀጠልኩ።

ሰኞ ሐኪሙ ጸጉሯን ሲላጨው ከስር የንክሻ ቁስል፣ መግል የቋጠረ። ድመት ሲያማትም ጉርርር ትላለች አለኝ። ራሷን ለማረጋጋት ሊሆን ይችላል።

አሁን ሁሉ ነገሯን ነው የማየው። ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ስትመጣ ሰላምታ ነው፤ ትንንሾቹም እናታቸውን እንደዚያ ነው የሚቀበሏት። ሆዷን ገልብጣ ስትተኛ ግን "ዳብሺኝ" ማለቷ ላይሆን ይችላል። ስንቴ ቧጭራኛለች በዚህ! ደግሞ የዓይኑ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት አነበብኩ፣ የሳሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያሉበት። ዓይናችሁን ጠበብ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ስትጨፍኑ ድመቷም ትመልሳለች፤ የማታውቀው ሰው እንኳ ቢሆን መቅረብ ይቀላታል። ትናንት ማታ አልጋው ስር ጎንበስ ብዬ ሞከርኩት። አየችኝ፣ አየችኝና ፊቷን አዞረች።

አባዬም ያን ሰሞን "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" ሲል… ተዉት። እሱን ዛሬ አልችልም።

ቁስሉ ግን እየደረቀ ነው። ትበላለች። ጠዋት ዓሣም…

ቆይ። ይሰማችኋል? ማይኩን ላስጠጋው። መጥታ እግሬ ስር ተኝታለች፣ ጉርርር እያለች ነው። ጆሮዋ ቀጥ ያለ ይመስለኛል። ጅራቷ… ጅራቷ ከዚህ አይታየኝም። አንዴ ቆዩኝ፣ መብራት ላብራ…