ግቢያችንን ፕላስቲክ ሳር ከማንጠፋችን በፊት
(በባሕር ዳር ለአንድ የመኖሪያ ቤት ማኅበር አባላት ስብሰባ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

የዛሬው አጀንዳ የጋራ ግቢያችን ነው። አርቴፊሻል ሳር ይነጠፍበት ወይስ አይነጠፍበት የሚለውን ልንወስን ነው የተሰበሰብነው። ኮሚቴው ሐሳብህን አቅርብ ስላለኝ አመሰግናለሁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የምተዳደረው ችግኝና ሳር እያለማሁ በመሸጥ ነው። የምለውን ስትመዝኑ ይህንንም አብራችሁ መዝኑ።

አርቴፊሻል ሳር አሁን ከተማችን ውስጥ የሌለበት ቦታ የለም። የጀበና ቡና በሚሸጥበት ጥግ ሁሉ አለ። ካፌ በር ላይ፣ ሆቴል በረንዳ ላይ፣ ፎቶ ቤት ውስጥ አለ። አሁን ደግሞ ወደ መኖሪያ ግቢ ገብቷል። ሰው ለምን እንደወደደው በደንብ ይገባኛል። የባሕር ዳርን ክረምት የምናውቀው እኛው ነን። ከሰኔ እስከ መስከረም ግቢው ጭቃ ነው። ልጅ ሮጦ ሲገባ ሳሎኑ ይበላሻል። እናት ቀኑን ሙሉ ስትወለውል ትውላለች። ከኅዳር በኋላ ደግሞ ዝናቡ ይጠፋል። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ባልዲና በርሜል ይሞላል እንጂ ሳር አይጠጣም። የሚያጭድ ሰው ይከፈለዋል። በዚህ ሁሉ መሃል አንዴ ከፍሎ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይ ነገር ሲገኝ ሰው ቢመርጠው አይፈረድበትም።

በረንዳችሁ ወይም ሰገነታችሁ ሊሾ ከሆነና ጥላ ካለው አንጥፉ። እዚያ አፈር የለም፣ ሳርም አይበቅልም። የአሮጊት እናታችሁ እግር ሲሚንቶው እንዳይቀዘቅዘው ብላችሁ ከሆነ ደግሞ እሰየው። ክርክሬ አፈር ባለበት፣ ፀሐይ በሚመታውና ዝናብ በሚዘንብበት ግቢ ላይ ነው።

ይህ ሳር በዓለም ዝነኛ የሆነበትን ታሪክ ላንሳ። አሜሪካ ሂውስተን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1965 ጣሪያ ያለው ትልቅ ስታዲየም ተከፈተ። መጀመሪያ የተተከለው እውነተኛ ሳር ነበር። በጣሪያው የሚገባው ብርሃን የተጫዋቾቹን ዓይን እየወጋ ኳሱን ማየት ስላስቸገራቸው ጣሪያውን ቀለም ቀቡት። ብርሃን ያጣው ሳር ሞተ። በ1966 የፕላስቲክ ሳር አነጠፉበት። ፀሐይ ለማይደርስበት ቦታ የተገኘ መላ ነበር ማለት ነው። እኛ ጋ ግን ፀሐዩም ሞልቷል፣ ዝናቡም በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ለሳር ከዚህ የተሻለ አገር ከየት ይመጣል?

አሁን ስለ ሙቀቱ። ሕይወት ያለው ሳር ውሃ ከሥሩ ስቦ በቅጠሉ ይተነፍሳል። በዚህ ምክንያት ራሱም ይቀዘቅዛል፣ ዙሪያውንም ያቀዘቅዛል። ፕላስቲክ አይተነፍስም። ፀሐዩን ይዞ ይቀመጣል። ሌላ አገር በጠራራ ፀሐይ ሲለካ ከ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ የሞቀበት ጊዜ አለ። የመጋቢትንና የሚያዝያን ፀሐይ አስቡት። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አንድ ካፌ በር ሄዳችሁ መዳፋችሁን አሳርፉበት፣ የእኔ ምስክርነት አያስፈልጋችሁም። ግቢው የሚነጠፈው ለልጆች ነው ካልን ልጆቹ በባዶ እግራቸው የሚሮጡት በዚያ ላይ ነው።

ቡናም አለ። እኛ ደጅ ወጥተን ቡና የምናፈላ ሰዎች ነን። ቡና ደግሞ ከሰል ይፈልጋል። ቡና የሚሸጥበት ቦታ የተነጠፈውን ሳር ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ። ከምድጃው አጠገብ ክሩ ቀልጦ ጠቁሮ የተድበለበለበት ቦታ አታጡም። የፍም ፍንጣሪ ሲወድቅበት ነው እንዲህ የሚሆነው። ሳር ቢሆን ያችው ቦታ ጠውልጋ በሳምንታት ታገግም ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ከሥሩ ያለው ነው። ክረምት እንዳለፈ አንድ ደንበኛዬ ግቢ ከተነጠፈ የቆየውን ሳር ጫፉን ገለጥን። አፈሩ ጠጥሮ ደርቋል። አንድ ትል የለም። መጥፎ ሽታ አለው። ክሩን በጣቶቼ ይዤ ሳብ ሳደርገው ተበጥሶ ወጣ፣ መዳፌ ላይ አረንጓዴ ብናኝ ቀረ። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በከፍታ ላይ ደግሞ ፕላስቲክን የሚያደርቀውና የሚያሰባብረው የፀሐይ ጨረር ይበረታል። ጥሩ የሚባለው ሳር ከ10 እስከ 15 ዓመት ያገለግላል ይባላል፣ ያም በጠጠር ተደልድሎ፣ ውሃ መውረጃ ተበጅቶለት ነው። ስሱን በአፈር ላይ ዘርግቶ ዳር ዳሩን በሚስማር መምታት ሌላ ነገር ነው።

ያ ብናኝ የት ይሄዳል? ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ይዞት ቦይ ውስጥ ይገባል። የባሕር ዳር ቦይ ደግሞ ወይ ወደ ጣና ነው ወይ ወደ ዓባይ። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የተንጣለለ ቢሆንም ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዓለም ሌላ የትም የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች አሉት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። እምቦጭ እንዴት እንዳስጨነቀን አትረሱትም። እምቦጭን ቢያንስ እናየዋለን፣ ውሃ ውስጥ ገብተን በእጃችን ነቅለነዋል። ዓሣው የሚውጠውን የፕላስቲክ ብናኝ ግን ማን ያየዋል? በማንስ እጅ ይለቀማል? የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ በእንዲህ ዓይነት ሳር መሃል የሚነሰነሰውን ጥቃቅን የጎማ ፍርፋሪ መሸጥ ከ2031 ጀምሮ ከልክሏል። ለቤት ግቢ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሰነሰው አሸዋ ነው፣ ይህንን አልክድም። ክሩ ግን ያው ፕላስቲክ ነው።

ሲያረጅስ? ክሩ አንድ ዓይነት ፕላስቲክ፣ ጀርባው ሌላ፣ መሃሉ ማጣበቂያ ስለሆነ ለይቶ መልሶ መጠቀም በጣም ከባድ ነው። እኛ ጋ የሚያልቀው በእሳት ነው። ኅዳር 12 ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ያቃጥላል። ልማዱ የ1911ን የኅዳር በሽታ እያስታወሰ የመጣ ነው፣ ለጤና ተብሎ። በዚያ ላይ ጥቅል ጥቅል ፕላስቲክ ሳር ሲጨመርበት ጭሱን የሚተነፍሱት ሕፃናት ናቸው። በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ጸድቆ ሳለ ግቢ ሙሉ ፕላስቲክ ማንጠፉ ለእኔ ትክክል አይመስለኝም።

ታዲያ ጭቃውን ምን እናድርገው? ሰርዶ አለን። ሰርዶ የአገራችን ሳር ነው፣ መረገጥ ይችላል። በበጋ ውሃ ሲያጣ ቢጫ ይሆናል እንጂ ሥሩ አይሞትም። የመጀመሪያው ዝናብ እንደጣለ ያቆጠቁጣል። ቢጫውን የማይወድ ሰው የልብስ ማለቅለቂያ ውሃውን ያፍስስለት። ሰው የሚመላለስበትን መንገድ ደግሞ በድንጋይ እናንጥፈው፣ ጭቃው በብዛት የሚመጣው ከዚያ ነውና። በአጥሩ ጥግ ማንጎና ዘይቱን ቢተከል በጥቂት ዓመታት ጥላ ይሆናል። ከሥሩ ምንም ዓይነት ሳር ባይኖር እንኳ ሰው ወንበሩን ይዞ ይወጣል።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ይህንን ነው። በረንዳውን እያንዳንዱ አባወራና እማወራ እንደፈለገ ያድርግ። ለፕላስቲኩ ከተያዘው ገንዘብ ላይ ለድንጋይ ንጣፉና ለውሃ መውረጃው ይመደብ። የቀረው መሬት ሰርዶ ይተከልበት። ሰርዶውን እኔ ያለ ክፍያ አመጣለሁ። ሰኔ ላይ ዝናቡ መሬቱን ካራሰው በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት እንውጣ። ሐረጉን ስንዝር ስንዝር እየቆረጥን፣ ትልም እያወጣን፣ ጫፉን ትተን አፈር እናለብሰዋለን። ክረምቱ እስኪወጣ መሬቱን ይይዛል። እስኪይዝ ልጆቹን ከላዩ ማራቅ የሁላችንም ሥራ ነው። ዶማና አካፋ ያላችሁ ስማችሁን ለኮሚቴው ጸሐፊ አስመዝግቡ። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ጥያቄ ያለው ካለ አሁን ልመልስ።