ፊት ከመንካቴ በፊት

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ይህንን ክፍል የምቀዳው እዚሁ ጅማ፣ የመጨረሻዋን ደንበኛ ሸኝቼ፣ ፎጣዎቹን ካጣጠፍኩ በኋላ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለሆነ ድምፁ ቢረብሻችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ሥራዬ ፌሻል፣ ማለትም የፊት ቆዳ እንክብካቤ ነው፤ ፌሻል ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው እንፋሎቱ፣ ማስኩና ለስላሳው ሙዚቃ ነው። የፊት መሸብሸብንና ማዲያትን ለመቀነስ የሚሠራው ፌሻል ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ማጽዳት፣ እንፋሎት፣ የሞተ ቆዳ ማንሣት፣ ማሳጅ፣ ሴረም፣ ማስክ እያለ ይቀጥላል። እኔ ከሁሉም አብልጬ የምጠነቀቀው ግን እጄ ፊቱን ከመንካቱ በፊት ባሉት ደቂቃዎች ነው፤ ይህንንም የተማርኩት ሰው ጎድቼ ነው።

ሥራውን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ሠርጓ ሦስት ሳምንት የቀረው አንዲት ሙሽራ መጣች። ምን እንደምትቀባ ስጠይቃት «ተራ ቅባት ነው» አለችኝ፤ እኔም ተራ የሚለውን ቃል አምኜ አለፍኩ። ፊቷን አጸዳሁ፣ የሞተ ቆዳ የሚያነሣውን ግላይኮሊክ አሲድ በብሩሽ ከግንባሯ ጀምሬ ቀባሁ፣ ቆዳው መቅላት ሲጀምር አሲዱን እንድናነሣ ተምረን ስለነበርም ሰዓቴን እያየሁ መቅላቱን ጠበቅኩ። የእርሷ ጠይም ጉንጭ ግን አልቀላም። ያየሁት እንደ ተወጠረ ላስቲክ ያለ ማብረቅረቅ ብቻ ነበር፤ አሲዱ እየሠራልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። «ይለበልበኛል» ስትለኝ እንኳ «የተለመደ ነው» አልኳት። በሳምንቱ በሁለቱም ጉንጮቿ ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው ጥቁረት ወጣ፤ ሠርጓንም በወፍራም ፋውንዴሽን ተሸፍና አሳለፈችው።

ተራ ያለችው ቅባት ስቴሮይድ የተባለ መድኃኒት ያለበት፣ ቆዳ ለማንጣት የሚሸጥ ክሬም ኖሯል። እንዲህ ያለው ክሬም ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ቆዳን ያሳሳል፤ በሳሳ ቆዳ ላይ ደግሞ አሲድ ከታሰበው በላይ ጠልቆ ይገባል። ሜላኒን የተባለው ቆዳን የሚያጠቁር ቀለም የበዛበት ቆዳ ሲቃጠልም ሆነ ሲቆጣ የሚሰጠው መልስ መጥቆር ነው፤ ጥቁረቱም ለወራት አይለቅም። ቆዳን ለፀሐይ በሚሰጠው ምላሽ የሚከፋፍለውን መለኪያ አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም ቶማስ ፊትዝፓትሪክ በ1975 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲያወጣው ነጭ ቆዳ ላላቸው ሰዎች ነበር፤ ጠቆር ያለውን ቆዳ የሚያካትቱት 5ኛውና 6ኛው ዓይነቶች የተጨመሩት ኋላ ነው። ብዙዎቹ የሙያችን መመሪያዎች እስካሁን ያንን የመጀመሪያውን ፊት እያዩ የተጻፉ ይመስለኛል።

አሁን መቅላትን አልጠብቅም። የእጄን ጀርባ ጉንጩ ላይ አስጠግቼ ሙቀቱን እለካለሁ፤ «ይለበልበኛል» የሚለውን ቃል ስሰማም ሳልከራከር አሲዱን አነሣለሁ። አሲድ የሚያስፈልገው ሰው ከሆነ ደግሞ ከጆሮው ጀርባ ሞክሬ ቢያንስ አንድ ቀን አሳድራለሁ። ቀጠሮ ለሚይዝ ሁሉ «የምትቀቡትን በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ኑ» እላለሁ። ከፌስታሉ የማይወጣ ነገር የለም፤ ስም የሌለው ቱቦ፣ ሬቲኖል የተባለው የቫይታሚን ኤ ቅባት፣ የጥርስ ሳሙና፣ በብልቃጥ የተበጠበጠ ማርና ሎሚ። ማሩን አልቃወምም፤ እርጥበት ይይዛል፣ የአካባቢያችን ማርም ደግ ነው። ሎሚው ግን አሲድ ከመሆኑ በላይ ተቀብተውት ፀሐይ ላይ ሲወጡ ቆዳን ሊያቃጥል ይችላል። ሬቲኖል የምትጠቀም ሴት ከአሲዱ በፊት ለአንድ ሳምንት ያህል እንድታቆም እነግራታለሁ፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ጭራሹን እንዳትቀባው።

ባለፈው ጊዜ አንዲት ልጅ ለሠርጓ ብላ አባቷን ይዛ መጣች፤ ጋሼ ከጅማ አዲስ አበባ ቡና ሲያመላልሱ የኖሩ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ፌስታል ይዘው አልመጡም፣ በዕድሜያቸው የተቀቡት ነገር ቢኖር ቫዝሊን ነው። መብራቱን ሳበራ ግን የግራ ጉንጫቸው ከቀኙ ይልቅ የጠቆረ፣ ከዐይናቸው ጫፍ የሚነሣው መስመርም በግራ በኩል ጥልቅ ሆኖ አየሁት። ሹፌር በግራ ነው የሚቀመጠው፤ ቆዳን አጥብቆ የሚይዘውን ኮላጅን የሚጎዳው፣ ዩቪኤ የተባለው የፀሐይ ጨረር ደግሞ የመስኮት መስታወትን አልፎ ይገባል። ጅማ ዝናባማ ስለሆነች ፀሐይ አትጎዳንም የሚሉ ደንበኞች አሉኝ፤ ነገር ግን ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ያለች ናት፣ ጨረሩም በከፍታ ይጠነክራል፣ ደመናም አያስቀረውም።

ለጋሼ አሲድ አልተጠቀምኩም። ፊታቸውን አጽድቼ፣ ከአገጭ ወደ ጆሮ፣ ከቅንድብ ወደ ፀጉር ሥር እየሳብኩ ረጅም ማሳጅ ሠራሁላቸው፤ በመካከሉ አንኮራፉ። ሲነቁ መስታወቱን አይተው «ስንት ዓመት ቀነስሽልኝ ልጄ?» አሉኝ። «ምንም አልቀነስኩም ጋሼ» አልኳቸው። እብጠቱ ይቀንሳል፣ ቆዳው ውኃ ስላገኘ ቀጫጭኑ መስመር ለጥቂት ቀናት ይሞላል፤ ከዚያ ያለፈውን የምትሠራው በየቀኑ የሚቀቧት የፀሐይ መከላከያ ክሬም ናት። የመከላከል አቅሙ ኤስፒኤፍ 30 የሆነ አንድ ቱቦ ሰጥቼ፣ ሙሉ ፊታቸውንና አንገታቸውን እንዲቀቡ አሳይቼ ሸኘኋቸው።

ልጅቷ ትናንት ደውላልኝ ነበር። ቱቦው ከመሪው አጠገብ ተቀምጧል፣ በየጠዋቱም ሳይረሱ ይቀባሉ፤ የሚቀቡት ግን የግራ ጉንጫቸውን ብቻ ነው።