ጠገራውና ቀለሁ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ቀሳውስትና ሼሆች፣ የሙያ ባልደረቦቼ መምህራን፣ አንድ ዘመን ተማሪዎቼ የነበራችሁና ዛሬ የልጆች ወላጅ ሆናችሁ የማያችሁ ሁሉ፤ እንደምን አረፈዳችሁ?

ዛሬ ሚያዝያ 10 ነው። በዓለም ዙሪያ የታሪካዊ ሐውልቶችና ሥፍራዎች ቀን ተብሎ ይታሰባል። አዘጋጆቹ ስለ ሰሜን ሸዋ የፈረሱ ከተሞች እንድናገር ሲጋብዙኝ በደስታ ተቀብያለሁ። ለዕለቱ የሚመጥን ንግግርም ጽፌ መጥቻለሁ። ነገር ግን ሳልደብቅ ልንገራችሁ፤ እዚህ መድረክ ላይ ያወጣኝ አንድ ጉድጓድ ነው። እሱን ሳልናገር አልወርድም።

አስቀድሜ ስለ ከተሞቹ ጥቂት ልበል። «ከተማ» የሚለው ቃላችን «ከተመ» ከሚለው ግስ የተገኘ ነው፤ ሰፈረ፣ ድንኳን ተከለ ማለት ነው። የሸዋ ነገሥታት ከተማ መጀመሪያ ሰፈር ነበር። በመሐል የንጉሡ አዳራሽና እልፍኝ፣ በቀኙ ቀኝ አዝማች፣ በግራው ግራ አዝማች፣ ከፊት ፊታውራሪ፤ ከዚያ ግብር ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱ፣ የአንጥረኛው ሰፈር ይከተላል። ማገዶው ሲመናመን፣ ሣሩ ሲያልቅ ወይም ዘመቻው ወደ ሌላ ሲዞር ከተማው ይነሣል። ሰው ይሄዳል፣ ምድጃው ይቀራል። እኛ የምናርሰው መሬት እንዲህ ተከትሞ በተነሣ ከተማ የተሞላ ነው።

አንጎለላን ተመልከቱ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የከተሙባት፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱባት ናት። ልቼን ተመልከቱ። ምኒልክና አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. የታረቁት፣ የሸዋ ንጉሥነት የጸናው እዚያ ነው። የሁለት ነገሥታት ሠራዊት ያየች ምድር ዛሬ የገብስና የባቄላ ማሳ ናት። ከአንኮበር ወረድ ስንል ልጥ ማረፊያን እናገኛለን፤ ምኒልክ ለጣሊያን አገር አሳሾች የሰጡት ቦታ ነው፤ መሪያቸው አንቲኖሪ በ1874 ዓ.ም. እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀብሯል። ወደ ይፋት ቆላ ስንወርድ ደግሞ አስበሪ፣ መሳል፣ ኖራ የሚባሉ የድንጋይ ከተሞች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የኢትዮጵያና የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ያጠኗቸው የመካከለኛው ዘመን የሙስሊም ከተሞች ናቸው። የኖራ መስጊድ ግድግዳ ዛሬም ቆሟል። ተመራማሪዎቹ ወደነዚህ ቦታዎች የደረሱት የአገሩን ሰው ጠይቀው መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

በ1989 ዓ.ም. አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬ ከክፍል በኋላ ቀርቶ በመሐረብ የተቋጠረ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። ፈታሁት። አንድ ጠገራ ብርና አንድ ቀለህ ነበር። ጠገራው አፈር ጠግቦ ጠቁሯል፤ በአውራ ጣቴ ጠረግ ሳደርገው ሁለት ራስ ያለው ንስር ብቅ አለ። ቀለሁ የነሐስ ነው፣ አረንጓዴ ዝገት ይዞታል፣ የአመልካች ጣቴን ያህል ይረዝማል። «ከየት አመጣኸው?» አልኩት። «አባቴ ሲያርስ ማረሻው ፈነቀለው» አለኝ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ከልጁ ጋር ሄድን። ቦታው ከልቼ ብዙ አይርቅም። አባቱ በሬዎቹን አቁመው ተቀበሉኝና «መምህር፣ እዚህች ጋ ናት» ብለው በጅራፋቸው አመለከቱኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሦስት ጉልቻ፣ ማረሻ ያልነካቸው፣ ባሉበት ተቀምጠዋል። በመካከላቸው አመድ፤ ከአመዱ ሥር በእሳት የጠቆረ አፈር። ጠገራውና ቀለሁ ከአንደኛው ጉልቻ ጎን ነበሩ። አንድ ሰው ከዚያ እሳት አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ምናልባት ቆሎ እየቆላ፣ ምናልባት እግሩን እያሞቀ። ገንዘቡ ከመቀነቱ ወደቀ፤ ሰውየው ሳያውቅ ተነሥቶ ሄደ።

ማን ነበር? እዚህ ላይ ታገሡኝ፤ የነገሩ ሁሉ እምብርት ይህ ነው።

ጠገራ ብር ሁሉ 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት አለበት። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት የፈረንጆች ዓመት ነው። ከሞቷ በኋላ ግን ብሩ መመታቱን አላቆመም፤ ዓመቱም አልተቀየረም። ቪየና መታችው፣ ለንደን መታችው፣ ቦምቤይም መታችው። ሙሶሊኒ አገራችንን ሊወር ሲሰናዳ እ.ኤ.አ. በ1935 ሮም ውስጥ አስመታው፤ እሱም ላይ 1780 ተብሎ ተጻፈ። እንግዲህ በእጃችሁ ላይ ያለው ጠገራ ሣህለ ሥላሴ የቀረጡት ይሁን ወይስ ወራሪው ባንዳ የገዛበት፣ ላዩን አይታችሁ አታውቁም። የሚነግራችሁ የወደቀበት አፈር ነው። አጠገቡ ያለው ነገር ነው።

አጠገቡ ያለው ደግሞ የውጅግራ ቀለህ ነበር። ውጅግራ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 የሠሩት ጠመንጃ ነው። ስለዚህ ያ እሳት ከዚያ ዓመት በፊት አልነደደም። ይህን ያህል በአንድ ቀለህ አወቅን። ቀሪው ጥያቄ ግን ከባድ ነው። ሰውየው የምኒልክ ወታደር ነበር? ወይስ በአምስቱ ዓመት የአያቱን ውጅግራ ይዞ ጫካ የገባ አርበኛ? ሁለቱም ይቻላል። የሚለየው አመዱ፣ የሸክላው ስብርባሪ፣ ከሥሩ ያለው አፈር አደራረብ ነው። እሱን ማንበብ ደግሞ የተማረ ሰው፣ ፈቃድ ያለው ሰው ሥራ ነው። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ እንጂ አርኪዮሎጂስት አይደለሁም።

ስለዚህ አልነካነውም። ከጉልቻው እስከ ዋርካው፣ ከዋርካው እስከ ወንዙ በገመድ ለካን፤ በደብተሬ ሣልኩት። አባትየው አፈሩን መልሰው ሸፈኑና «አንቱ የሚያጠና ሰው እስኪያመጡ ይህችን ጥግ አላርሳትም» አሉኝ። ቃላቸውን ጠበቁ። ማሳቸው ጠባብ ነው፣ የሚያበሉት ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ያችን ጥግ ግን እስኪሞቱ ድረስ አላረሷትም። ጠገራውንና ቀለሁን ለአንድ መሥሪያ ቤት በደረሰኝ አስረከብን። ደረሰኙ ዛሬም በእጄ አለ። ብሩ የት እንዳለ ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም።

ዘመን አለፈ። ከሦስት ዓመት በፊት በጥር ወር ያ ተማሪዬ፣ አሁን እሱም ገበሬ ነው፣ ማልዶ ስልክ ደወለልኝ። «መምህር፣ ቆፍረውት አደሩ» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ሄድኩ። ሠላሳ አራት ጉድጓድ ቆጠርኩ። ማታ በመኪና መጥተው፣ ወርቅ መፈለጊያ የሚሉትን ማሽን ይዘው፣ በጮኸበት ሁሉ ዶማ እየሰነዘሩ አድረዋል። የማይፈልጉትን ጥለውት ሄደዋል፤ የዛገ ምስማር፣ የፈረስ ልጓም ቁራጭ፣ የአንጥረኛ ዝቃጭ ከየጉድጓዱ አፍ ተከምሯል። ሸክላው ደቅቋል። ሦስቱ ጉልቻዎች ሦስት ቦታ ተወርውረዋል። አመዱ በነፋስ ሄዷል። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት የነበረቻት አንዲት ላም ከጉድጓዱ ገብታ እግሯ ተሰብሮ ታረደች።

ለሚመለከተው ክፍል አመለከትኩ። ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው የጠየቀኝን ጥያቄ እስከ መቃብሬ አልረሳውም። «ምን ተወሰደ?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩት። «የተወሰደውን ሳያውቁ ምን ብለን እንጻፍ?» አለኝ።

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ ምን እንደተወሰደ አለመታወቁ ራሱ ነው እኮ ስርቆቱ! የታቦት ሌባ የወሰደው ይታወቃል፣ ይለቀስለታል፣ ይፈለጋል። የመሬት ሌባ የወሰደው ግን ስም የለውም። ያ ሰው አርበኛ ይሁን የምኒልክ ወታደር ከእንግዲህ በፍጹም አይታወቅም። እኔ አላውቅም፣ ልጆቻችሁም አያውቁም። ለአንድ ጠገራ ብር ሲሉ አንድ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ገደሉት! ይህን ያደረገው ደግሞ የሩቅ አገር ሰው ብቻ አይደለም። መንገድ የመራቸው፣ ጉድጓዱን የቆፈረው፣ ፋኖስ የያዘላቸው የእኛው ልጅ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥም እንዲህ ያለ ወጣት ያለው ቤተሰብ ሊኖር ይችላል። ቅር አይበላችሁ፤ ከእናንተ ጋር ያረጀሁ ሰው ስለሆንኩ ነው በግልጽ የምናገረው።

ስለ ማሽኑም አታሏችኋል። ክብ ሽቦው መግነጢሳዊ ኃይል ወደ መሬት ይልካል፤ ብረት ነክ ነገር ሲያገኝ ምላሹን ተቀብሎ ይጮኻል። ነገሩ ይኸው ነው። አሥር ሜትር ጠልቆ ወርቅ ያሳያል ብሎ የሸጠላችሁ ዋሽቷችኋል፤ አንድን ሳንቲም ከስንዝር ብዙ አልፎ አያገኘውም። ለጠገራም ይጮኻል፣ ለቆርቆሮም ይጮኻል። ለአመድ፣ ለሸክላ፣ ለአጥንት፣ ለዶቃ ግን ዲዳ ነው። በመንዝ የሚገኙትን የጥንት የመቃብር ጉብታዎች የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከአሥረኛው እስከ አሥራ አራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩ ክርስቲያንም ሙስሊምም ያልሆኑ ሕዝቦች ሙታናቸውን የቀበሩባቸው ናቸው። ውስጣቸው የተገኘው በአብዛኛው ጥቁር ሸክላና የመስታወት ዶቃ ነው። ወርቅ አለ ብሎ እሱን የሚንድ ሰው የሚያገኘው የሰው አጥንት ነው።

ማሽኑን በጭፍን እንደማልጠላው ደግሞ ዕወቁልኝ። አሜሪካ ውስጥ ሞንታና በሚባል ግዛት ሊትል ቢግሆርን የሚባል የጦር ሜዳ አለ። እ.ኤ.አ. በ1876 የአገሩ ነባር ሕዝቦች የላኮታና የሸየን ተዋጊዎች የአሜሪካውን የጦር መኮንን የከስተርን ጦር የደመሰሱበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ሰደድ እሳት የሜዳውን ሣር በላው። በዓመቱ አርኪዮሎጂስቶች ማሽን መጠቀም የሚችሉ ፈቃደኞችን ሰበሰቡ። በመስመር ተሰልፈው ሄዱ፤ በጮኸበት ሁሉ ምልክት ተከሉ፣ ቦታውን ለኩ፣ መዘገቡ፣ ከዚያ በኋላ አወጡ። የእያንዳንዱ ጠመንጃ መርፌ በቀለሁ ላይ የራሱን ጠባሳ ይተዋል፤ ስለዚህ አንዱ ጠመንጃ ከየትኛው ጉብታ ወደ የትኛው እንደተጓዘ አወቁ። ከመቶ ዓመት በኋላ የጦርነቱን አካሄድ በቀለህ አነበቡት! ያው ማሽን ነው። በእኛ ማሳ ላይ ቢሆን ኖሮ ቀለሁን እንደ ቆሻሻ ወርውረውት ይሄዱ ነበር፤ ወርውረውትም ሄደዋል።

እዚያው አሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ ቦዲ የምትባል በወርቅ ተቆርቁራ ሰው የለቀቃት ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ እንዳለች ትጠበቃለች፤ ማሽን ይዞ መግባት ክልክል ነው። ጎብኚ ደብቆ የወሰዳትን ምስማር እንኳ ከይቅርታ ደብዳቤ ጋር በፖስታ ይመልሳል። ምስማር! እኛ የነገሥታቱን ከተማ በዶማ ስንገለብጥ ማንም ደብዳቤ የጻፈልን የለም።

ሕግ አለን። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል። ሲያርስም ሆነ ቤት ሲሠራ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያስታውቅና እስኪረከቡት እንዲጠብቅ ያዛል። ያ ገበሬ አዋጁ ከመውጣቱ ከሦስት ዓመት በፊት ፈጽሞታል። የተረከበው ወገን ደግሞ መዝግቦ የማስቀመጥ ግዴታ አለበት። ደረሰኜን ይዤ መጥቻለሁ። ከዚህ አዳራሽ ስወጣ የሚያነጋግረኝ ኃላፊ ካለ ኪሴ ውስጥ ነው።

ስለ ትምህርት ቤት የቅርስ ክበባትና ስለ ግንባታ ቁፋሮ የጻፍኩት ነበር፤ ሰዓቱ ስለገፋ ለአዘጋጆቹ በወረቀት እተወዋለሁ። ደብረ ብርሃን በየቀኑ መሠረት እየተቆፈረባት ነው፤ ስካቫተር ያላችሁ ሰዎች የጠቆረ አፈርና አመድ ስታዩ ቆም በሉ፤ ለጊዜው ይህን ብቻ እላለሁ።

ለወጣቶቹ ግን አንድ ሥራ አለኝ። የይፋትን ከተሞች ለማግኘት ተመራማሪዎቹ የአገሩን ሰው ጠየቁ ብያችሁ ነበር። በልቼና በአንጎለላ ዙሪያ «ግብር ቤት» የሚባል ጉብታ የትኛው እንደሆነ፣ «አዳራሽ» የሚባል ማሳ የማን እንደሆነ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ጥቂት ቀርተዋል። የቦታ ስሙ የከተማው ካርታ ነው። እነሱ ሲያልፉ ካርታውም አብሮ ይቀበራል፤ እሱን የሚያወጣ ማሽን አልተሠራም። በመጪው ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ከዚህ አዳራሽ በር ላይ እንነሣለን። ተማሪዬም ይመጣል፤ ጉልቻዎቹ የነበሩበትን ቦታ ያሳያችኋል። ደብተር፣ እርሳስ፣ ሃያ ሜትር ገመድና ለሽማግሌዎቹ የሚሆን ቡና ይዛችሁ ኑ። ዶማ የያዘ ልጅ ካየሁ ከመንገድ እመልሰዋለሁ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።