የ12 ሰዓቷ ክኒን

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ድምፄ ጎርነን ካለባችሁ ጉንፋን ነው፤ በዛሬው ርዕስ፣ በሚያደነዝዙ ነገሮች፣ ምክንያት ሌላ ነገር እንዳትጠረጥሩኝ።

ባለፈው እሁድ የመጽሐፍ መደርደሪያዬን አቧራ ላራግፍ ስነካካ ከአንዱ መጽሐፍ ውስጥ አራት ገጽ ወረቀት ዱብ አለ። የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ጠርዙ በኦቾሎኒ ቅባት ወዝቷል። መጽሐፉ የእንግሊዛዊው ደራሲ የአልደስ ሀክስሊ «ብሬቭ ኒው ዎርልድ» ነው፤ በ1932 የወጣ፣ ስለ መጪ ዘመን የሚያወራ ልብ ወለድ። (ዓመቶቹን ዛሬ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው።) ወረቀቱ ደግሞ ድሮ እኔና አምስት የሥራ ባልደረቦቼ የጻፍነው አቤቱታ። ቆይ፣ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ የተሸጎጠበትን ገጽ ልንገራችሁ።

ለንደን ነው፤ ሰዎች ለመሞት የሚገቡበት ሆስፒታል። የጉልበቱን ሥራ የሚሠሩት 162 ዴልታዎች ናቸው። ዴልታ ማለት ለዝቅተኛ ሥራ ተብሎ ላቦራቶሪ ውስጥ የተመረተ ሰው ነው። 84ቱ ሴቶች ቁርጥ አንድ ዓይነት መልክ፣ 78ቱ ወንዶችም እንዲሁ። ሥራ የሚያበቃው በእኛ አቆጣጠር ማታ 12 ሰዓት ላይ ነው። ልክ 12 ሰዓት ሲሆን መግቢያው አዳራሽ ይሰበሰባሉ። አንድ የሂሳብ ክፍል ሰው ጥቁር የብረት ሣጥን ይዞ ይመጣል፣ በቁልፍ ይከፍተዋል። ተራ በተራ፣ ሳትጋፉ። ለእያንዳንዱ አንድ ትንሽ የክኒን ማሸጊያ። ሶማ።

ስለ ሶማ ብዙ ተብሏል፤ ያስደስታል፣ ሲነጋ ራስ አያዞርም፣ ወዘተ። እኔም መጀመሪያ ሳነብ ዓይኔ ያረፈው ክኒኑ ላይ ነበር። ዘንድሮ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። አዳዩ ሐኪም አይደለም፤ የሂሳብ ሰው ነው። እኛ ዘንድ ቢሆን ደመወዝ ከፋዩ መሆኑ ነው። የሚታደልበትም ሰዓት ጠዋት አይደለም። 12 ሰዓት ምን ዓይነት ሰዓት ነው? ሰው መሣሪያውን አስቀምጦ፣ እጁን ታጥቦ፣ ጓደኛውን «ይሄ አለቃ ዛሬ ምን እንዳለኝ ሰማህ?» የሚልበት ሰዓት ነው። እሷን ሰዓት ነው የሚወስዱባቸው።

በርናርድ ማርክስ የሚባለው ገጸ ባሕርይ ላይም ይኸው ነው። ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች እሱ ስለሚወዳት ሴት እንደ ሥጋ ቁራጭ ሲያወሩ ይሰማል። ፊቱ ይገረጣል፤ ቡጢውን ማሳረፍ ያምረዋል። አንደኛው ያየውና ትከሻውን መታ አድርጎ «አንድ ግራም ሶማ ነው የሚያስፈልግህ» ብሎ ከኪሱ ያወጣል። እዚህ ፖሊስ የለም፣ ካድሬ የለም። ባልደረባ ነው፤ ለራሱ ደግ የሠራ ይመስለዋል።

አሁን ወደ እኛ አቤቱታ።

እሠራበት የነበረው መሥሪያ ቤት ሦስት ወር ደመወዝ አልከፈለንም። ስድስት ሆነን ለመጻፍ ተስማማን። የት እንጻፍ ሲባል፣ አንዱ «ለምን በርጫ ላይ አንጽፈውም? ሐሳብ ይፈልቃል» አለ። ቅዳሜ 8 ሰዓት ላይ እሱ ቤት ፍራሽ ላይ ተደረደርን። ጫቱ መጣ፤ ኦቾሎኒ፣ ለስላሳ፣ ቡና። ምርቃናው ሲመጣ እኔ ጸሐፊ ሆንኩ። ምን ልበላችሁ፣ እንደዚያ ዓይነት አማርኛ ከዚያ ወዲህ ጽፌ አላውቅም! ከአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ይጠቀሳል፣ ቅኔ ይዘረፋል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ደመወዛችንን ረስተን የራሳችንን ድርጅት እንዴት እንደምናቋቁም ተጽፏል፤ ከነሥራ ክፍፍሉ። አመሻሽ ላይ ገራባው ፍራሹ ሥር ሲከመር ዝምታ መጣ። ያን ዝምታ የሚያውቅ ያውቀዋል። «በሉ ጨብሲ» ተባለና ወጣን። ሌሊቱን አንዱ ዱካክ ሲያንገላታው አደረ አሉ። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ተገናኘን፤ ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። እኔም አላወጣሁትም።

ፍርሃት ነበር ብል ውሸት ነው። ንዴቱ አልቆ ነበር፤ ቅዳሜ ከሰዓት ጨርሰነው ነበር።

ሀክስሊን የምከራከረው እዚህ ላይ ነው። እኛን ጥቁር ሣጥን ይዞ ያሰለፈን ሰው አልነበረም። አዋጥተን ነው የገዛነው፤ ያውም ደመወዝ ሳይከፈለን፣ ተበድረን። እሱ ራሱም ቢሆን በዚህ ነገር አንድ ቦታ አልቆመም። ሶማን ከፈጠረ ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ1953፣ ሜስካሊን የተባለ ቅዠት የሚያሳይ ዕፅ ወስዶ ያየውን አድንቆ መጽሐፍ ጻፈ። በ1962 ባሳተመው «አይላንድ» ውስጥ ደግሞ ዓይን የሚከፍት ጥሩ ዕፅ አለ። ኅዳር 1963፣ ኬኔዲ በተገደለበት ዕለት፣ ሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ሚስቱን ኤልኤስዲ የተባለውን ሌላ ቅዠት የሚያሳይ ዕፅ እንድትወጋው በጽሑፍ ጠየቃት፣ ወጋችው። አንዳንዶች ግብዝ ይሉታል። እኔ አልለውም፤ ዕፁን ብቻውን ጠልቶ እንደማያውቅ ነው የገባኝ።

ሣጥን የያዘ የሂሳብ ሰው ግን ልብ ወለድ ውስጥ ብቻ አይደለም ያለው። ደርባን፣ ደቡብ አፍሪካ። ከ1909 ጀምሮ ከተማው የማሽላ ቢራን መጥመቅና መሸጥ ለራሱ ብቻ አደረገ። እንደኛ ጠላ ጠማቂዎች ቤታቸው ጠምቀው ይሸጡ የነበሩ ሴቶች ወንጀለኛ ሆኑ። ወንዶቹ ማዘጋጃ ቤቱ በከፈተው አዳራሽ ይጠጣሉ፤ ትርፉ ጥቁሮቹን ለሚያስተዳድረው ቢሮ በጀት ይሆናል። የሚቆጣጠርህን ሰው ደመወዝ በጠጣኸው ልክ ትከፍላለህ ማለት ነው። ሰኔ 1959 ኬቶ ማኖር የሚባለው የደርባን ሰፈር ሴቶች ዱላ ይዘው የቢራ አዳራሾቹን ወረሩ፤ ጠጪዎቹን አስወጡ፣ ቢራውን ደፉ።

በሀክስሊም መጽሐፍ የሚደፋ አለ፤ ከዚያ ሥርዓት ውጭ ያደገው ጆን። እናቱ በሶማ ብዛት እዚያው ሆስፒታል ሞታበት ሲወጣ ሰልፉን ያያል፣ ሣጥኑን ነጥቆ ክኒኑን በመስኮት ይበትናል። ዴልታዎቹ ሊገድሉት ይነሳሉ። ፖሊስ ሲደርስ ጥይት አይተኩስም፤ ሶማውን እንደ ጭስ አየሩ ላይ ይረጫል፣ ከሣጥን የሚወጣ የተቀዳ ድምፅ «ለምን ሁላችሁም አብራችሁ ደስተኛና ጥሩ አትሆኑም?» እያለ ያባብላቸዋል። እያለቀሱ ይተቃቀፋሉ። ከዚያ አዲስ ክኒን መጥቶ ይታደላል። ያ አቤቱታ ዕልባት ሆኖ የተሸጎጠው እዚሁ ትዕይንት ላይ ነው። መቼ እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም።

ሌላውን እንግሊዛዊ ደራሲ ጆርጅ ኦርዌልን ዛሬ ላልፈው ነበር፤ አንድ ነገር ግን አለቀቀኝም። «1984» በተባለው ልብ ወለዱ ያለው ጂን የሚባል መጠጥ የሚያስደስት አይደለም። ይሸታል፣ ጉሮሮ ይልጣል፣ ማጅራት የተመታህ ያህል ያንገዳግዳል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዊንስተን ተሰባብሮ ካለቀ በኋላ፣ መጨረሻው ምዕራፍ ላይ፣ አንድ ካፌ ጥግ ተቀምጧል። አስተናጋጁ ሳይጠራ ይመጣና ብርጭቆውን ይሞላለታል፤ ከሌላ ጠርሙስ ደግሞ የቅርንፉድ ቃና ያለው ማጣፈጫ ጠብ ጠብ ያደርግበታል። ቅርንፉድ! እኔ አሁን የምጠጣው ሻይ ውስጥ ያለው።

አልፎ አልፎ ሂሳቡን በእድፋም ብጣሽ ወረቀት ያመጡለታል። ዊንስተን ሁልጊዜ አሳንሰው የሚያስከፍሉት ይመስለዋል።

እኛ እንኳ ሙሉውን ነው የከፈልነው። ሻዬም ቀዘቀዘ። ሳምንት እንገናኝ፣ ደኅና ሁኑ።