የአፍንጫ ሰርጀሪ ተሠርቼ አልወደድኩትም፤ ልድገመው?

እሺ፣ ሰላም ናችሁ? ዛሬ የማወራው አፍንጫቸውን ተሠርተው መስታወት ፊት ለሚበሳጩ ነው። ከተሠራ ሦስት ወሩ ነው፣ ጫፉ ድብልብል ብሏል፣ "ሐኪሙ አበላሸኝ!" ቆይ። ቆይ አልኩ እኮ! እብጠቱ ገና አልወረደም። መጨረሻ ላይ የሚወርደው ደግሞ የጫፉ ነው። ቢያንስ 12 ወር ይጠበቃል፤ ቆዳችሁ ወፍራም ከሆነ ከዚያም በላይ።

በሰልፊም አትፍረዱ! በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሰላው፣ ከ30 ሳንቲሜትር የተነሣ ፎቶ ከ1.5 ሜትር ከተነሣው ይልቅ አፍንጫን 30 በመቶ ገደማ ያሰፋዋል። ክስ ካላችሁ መጀመሪያ ስልካችሁ ላይ!

አሁን ደግሞ ኮሜንት ላይ ደጋግማችሁ የምትጽፉት፦ "መንገዱ አንዴ ተከፍቷል፣ ሁለተኛው ይቀላል።" ኧረ በፍጹም! እስቲ ልብስ ሰፊ አስቡ። የመጀመሪያው ሰፊ ሙሉ ጣቃ ተሰጠው፤ እንደፈለገ ቆረጠ። ለሁለተኛው የሚመጣለት ግን የተሰፋ ቀሚስ ነው። ብብቱ ጠቧል፣ ወገቡ ዞሯል። ልፍታው ቢል ስፌቱ ጨርቁን ይዞ ይቀደዳል። ላስፋው ቢል ወደ ውስጥ የታጠፈ ትርፍ የለም። ቁራጩስ ቢል ተጥሏል! በቃ፣ ከሌላ ልብስ ሊቆርጥ ነው። ታገሡኝ፣ ይህን ምሳሌ እወደዋለሁ።

ስፌቱ ጠባሳው ነው፣ ጨርቁ ካርቲሌጅ፣ ማለትም ለአፍንጫ ቅርጽ የሚሰጠው ተጣጣፊ አጥንት መሰል ነገር። ለመተኪያ የሚሆን ካርቲሌጅ መጀመሪያ የሚወሰደው ብዙ ጊዜ ሁለቱን ቀዳዳዎች ከሚለየው ግድግዳ ነው፤ እሱ ካለቀ ከጆሮ፣ ብዙ ካስፈለገ ከጎድን። የጆሮው ለስላሳና ቆልመም ያለ ነው፤ የጎድኑ ጠንካራ ነው፣ ግን ሊጣመም ይችላል። ስለ ጎድኑ ለብቻው እመጣበታለሁ፤ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አላችሁ፣ አያችኋለሁ!

"ፊለር ልሞላው?" ፊለር በመርፌ ከቆዳ ሥር የሚገባ መሙያ ነው። በተሠራ አፍንጫ ላይ የደም ሥሮቹ እንደ ድሮው አይደሉም። ፊለሩ ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳ ሊሞት፣ ዓይንም ሊጠፋ ይችላል። እኔ አልደፍረውም።

ትንፋሽ ከሆነ ችግሩ፣ እሱ ከመልክ ይቀድማል። አፍንጫችሁ አጠገብ ጉንጫችሁን በጣት ወደ ጎን ሳብ አድርጉት። አየሩ ያኔ ቀለል ብሎ ከገባ፣ ውስጡ የሚጠብ ቦታ ሊኖር ይችላል፤ ለሐኪም ንገሩ።

ልድገመው ካላችሁ የመጀመሪያውን ቀዶ ጥገና ሪፖርት አስወጡ፤ ምን እንደተወሰደ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። የተሠራ አፍንጫ ደግሞ መሥራት የለመደ ሐኪም ፈልጉ፤ የማይስተካከለው የቱ እንደሆነ ጠይቁት። "ሁሉንም አስተካክላለሁ" ብሎ ከነገራችሁ፣ ቦርሳችሁን አንሥታችሁ ውጡ።