ከኪሳችሁ የሚወጣውን ቁጠሩ

እንደምን አመሻችሁ። ስለጋበዛችሁኝ በጣም አመሰግናለሁ። አርክቴክቸር የተማርኩበት ልደታ ካምፓስ ስገባ ያ የስቱዲዮ ሽታ፣ የሙጫና የካርቶን ሽታ፣ እንዳለ ነው፣ ሆዴ ባባ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ነገር ነው። እዚህ ውስጥ ሁለት ሶስት ቦታ ለማስተርስ አድሚሽን አግኝታችሁ፣ አንዱ ብዙ ስኮላርሺፕ ሌላው ትንሽ ሰጥቷችሁ፣ የቱን እንያዝ እያላችሁ እንቅልፍ ያጣችሁ ልጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ እኔም አጥቼ ነበር።

ሁለት ደብዳቤ ነው የመጣልኝ፣ ሁለቱም ከአሜሪካ። አንዱ ስሙ የገነነ የግል ዩኒቨርሲቲ ነው፣ በዓመት 30,000 ዶላር ስኮላርሺፕ ይላል። ሌላው የስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው፣ እሱ 5,000 ይላል። እማዬ ቡና እያፈላች "ልጄ ይሄማ ምን ያነጋግራል፣ ሰላሳውን ያዢ እንጂ" አለችኝ፣ ጎረቤቱም እንደዛው፣ እኔም ልይዝ ነበር። ማታ ግን ትሬሲንግ ፔፐር ዘርግቼ ማስላት ጀመርኩ። የግሉ ቱሽን 52,000 ነው፣ 30,000ው ሲነሳ 22,000 ይቀራል፣ ከተማው ውድ ስለሆነ ቤት ኪራዩ፣ ምግቡ፣ ኢንሹራንሱ ሌላ 24,000፣ ድምሩ በዓመት 46,000፣ በሁለት ዓመት 92,000 ዶላር! የስቴቱ ደብዳቤ ሁለተኛ ገጽ ላይ ደግሞ ማናችንም ያላየነው መስመር አለ፤ አሲስታንትሺፕ። በሳምንት 20 ሰዓት እሰራለሁ፣ ቱሽኑ ሙሉ በሙሉ ይነሳልኛል፣ በወር 1,500 ዶላር ለ9 ወር ይከፈለኛል። ያ ከ5,000ው ጋር 18,500 ነው፣ የኑሮው ወጪ 21,000፣ ከኪሴ የሚወጣው በዓመት 2,500 ብቻ። እማዬ ወረቀቱን ገልብጣ ገልብጣ አየችውና "ታዲያ አምስቱ ከሰላሳው በለጠ ማለት ነው?" አለች። አዎ እማዬ፣ በለጠ።

ስለዚህ እባካችሁ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቡት። የኔ ጓደኛ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ትምህርት ቤት ጥሩ ስኮላርሺፕ ሰጥቶት ሄደ፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ግን ገንዘቡ ቀረ፣ ለካ ደብዳቤው "ለመጀመሪያው ዓመት" ነው የሚለው፣ ዲዛይኑን ግማሽ ላይ ጥሎ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ወጣ። ይታደሳል ወይ፣ በስንት ጂፒኤ፣ ክረምቱን ሶስት ወር ማን ይከፍላል፣ ብላችሁ በኢሜይል ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ያዙ። የሞዴል ዕቃ፣ የፕሪንትና የሌዘር ካት ወጪም አለ፣ እሱ አብዛኛውን ጊዜ የትኛውም ደብዳቤ ላይ አይገባም፣ እኛ አርክቴክቶች ደግሞ ስንት እንደሚበላ እናውቀዋለን።

ቀሪውን ቤተሰብ የሚከፍልላችሁ ከሆነ ደግሞ ብሩን አስቡ። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ትምህርት የጀመረ ልጅ ያለው አባት ምን እንደተሰማው አስቡት፣ ክፍያው ያው ነው፣ እሱ ግን እጥፍ ብር መፈለግ አለበት።

ሌላው ዲግሪው ራሱ ነው፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኤም አርክ፣ የአርክቴክቸር ማስተርስ ማለት ነው፣ ሁሉ አንድ አይደለም። የኛን የአምስት ዓመት ዲግሪ አይተው ሁለት ዓመት ወይ ከዛ ያነሰ ፖስት ፕሮፌሽናል (የሙያ ዲግሪ ላለው ሰው የሚሰጥ) ፕሮግራም ውስጥ የሚያስገቧችሁ አሉ፣ ጊዜም ገንዘብም ይቆጥባል፣ ግን ናብ በሚባለው የአሜሪካ አክሬዲቴሽን ቦርድ የታወቀ ዲግሪ አይደለም። አሜሪካ ላይሰንስ ይዤ እሰራለሁ ካላችሁ ናብ ያወቀው ፕሮግራም መንገዱን ያቀልላችኋል፣ አለበለዚያ የልደታውን ዲግሪ ማስገምገም ይመጣል። ሀገሬ እመለሳለሁ ካላችሁ ደግሞ ናብ ላወቀው ፕሮግራም ብላችሁ የሶስት ዓመት ክፍያ አትክፈሉ። አይ 20 ላይ፣ ዩኒቨርሲቲው ለተማሪ ቪዛ በሚሰጣችሁ ቅጽ ላይ ማለት ነው፣ የሚጻፈውን የትምህርት ዘርፍ ኮድም እዩት፣ 04.0902 ስቴም በሚባለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዘርፎች ዝርዝር ውስጥ ስላለ ከ12 ወሩ ኦፒቲ (ከትምህርት በኋላ የሚሰጥ የሥራ ፈቃድ) ላይ 24 ወር ማራዘም ይቻላል፣ 04.0201 ግን የለበትም። አንድ ሕንፃ ውስጥ ያሉ ሁለት ፕሮግራሞች በዚህ ሊለያዩ ይችላሉ። ስትወስኑ የዓመቱን ዝርዝር አረጋግጡ።

ጀርመንንም አትናቁት። አብዛኛው የመንግስት ዩኒቨርሲቲ ቱሽን አያስከፍልም፣ በባደን ቩርተምበርግ ግን ከአውሮፓ ውጪ ለምንመጣው በሴሚስተር 1,500 ዩሮ አለ። ምንም ስኮላርሺፕ የሌለው የጀርመን አድሚሽን ከአሜሪካው "50 ፐርሰንት" ስኮላርሺፕ ሊረክስ ይችላል፣ ችግሩ ቪዛው ነው፣ ብሎክድ አካውንት፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ብቻ የሚወጣበት ሂሳብ፣ ውስጥ ለዓመት 11,904 ዩሮ አስቀምጡ ይላሉ፣ ዳድ የሚባለው የጀርመን ድርጅት ስኮላርሺፕ ከሰጣችሁ ግን እሱ አያስፈልግም።

ደግሞ ለምኑ፣ ማፈር የለም! እኛ ቤት "የሰጡህን ተቀበል" ተብለን አድገናል፣ እዛ ግን ሌላውን ኦፈር አያይዞ "እናንተ ጋ መማር እፈልጋለሁ፣ የገንዘቡን ልዩነት ልትቀንሱልኝ ትችላላችሁ ወይ" ብሎ በትህትና መጻፍ ነውር አይደለም፣ ቢበዛ አይሆንም ይሏችኋል። ጊዜም አላችሁ፤ የአሜሪካ የድህረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ካውንስል ስምምነት አለው፣ የፈረሙት ዩኒቨርሲቲዎች ገንዘብ ላለበት ኦፈር ከኤፕሪል 15 በፊት፣ በኛ ሚያዝያ 7 ማለት ነው፣ መልስ አምጡ ብለው ማስጨነቅ የለባቸውም። መጀመሪያ ግን ትምህርት ቤታችሁ መፈረሙን አጣሩ።

እኔ ዛሬ እስኪመሽ እዚሁ ነኝ፣ ያ ጥጉ ላይ ያለው ጠረጴዛ ጋ። ደብዳቤያችሁን ከነሁለተኛ ገጹ ይዛችሁ ኑ፣ ትሬሲንግ ፔፐር አምጥቻለሁ፣ አብረን እንደምራለን።